ማይነስ በማይነስ፤ ከድሜጥሮስ ሱባዔ እስከ ሰባተኛ ክፍል

‹‹ማይነስ በማይነስ ፕላስ፤ ማይነስ በፕላስ ማይነስ፡፡›› ሰባተኛ ክፍልን አልፎ ይህችን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ፡፡ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘናታል፡፡ የኳድራቲኩን ቀመር ረስተን፣ የፓይታጎረስን ነገር ረስተን፣ ይህችን ግን አልረሳናትም፡፡ ‹‹ለምን?›› የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው ቤቱ ጸጥ የሚለው፡፡ የሚታወቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ‹‹ሕጉ ነዋ!››

ሕጉን ሸምድደን አምሳ ጥያቄ እንሠራለን፡፡ ፈተና እናልፋለን ወይም እንወድቃለን፡፡ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ተነሥቶ ‹‹ቲቸር፣ ኔጌቲቭ ማለት ዕዳ ነው ብለውናል፤ ታዲያ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ እንዴት ብሎ ሀብት ይሆናል?›› ቢል ክፍሉ ይስቅበታል፡፡ መሳቅ አልነበረበትም፡፡ ‹‹ቀይና ጥቁር››ን የጻፈው ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ግሬኖብል ከተማ ውስጥ ተማሪ ሳለ ይችኑ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚሰጠው አጥቶ ነበር፡፡ ነገሩ ከውስጡ ስላልወጣለት ከአርባ ዓመት በኋላ የራሱን ሕይወት ሲጽፍ መምህራኑን እያነሣ ተማርሮባቸዋል፡፡ እንግዲህ የኋላ ወንበሩ ልጅ ብቻውን አይደለም ማለት ነው፡፡

እኛ ዛሬ ይህችን ማይነስ ይዘን ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጣና ልንወስዳችሁ ነው፡፡ ‹‹ጣናን ከማይነስ ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ ወዳጆቻችን ትንሽ ታገሡን፡፡

መጀመሪያ ስለ መማሪያ መጽሐፉ፡፡ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ድፍን ቁጥሮችን የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት ምሳሌ አያጣም፡፡ አንዱ ቴርሞሜትር ነው፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የነበረ ቀዝቃዛ ሌሊት ምናምን፡፡ ባሕር ዳር ላይ ግን በሙቀት ሸሚዙን የሚያወልቅ እንጂ ውሃ መንገድ ላይ ረግቶ ያየ ልጅ ከየት ይመጣል? ደብረ ብርሃን ቢሆን እሺ፣ ውርጩ ያስተምራል፡፡ ሁለተኛው ምሳሌ ከፍታ ነው፡፡ ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ፣ የዳሎል ምድር ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ስንት ነው? ይኼኛው ቆንጆ ጥያቄ ነው፡፡ ከ4,550 ላይ ኔጌቲቭ 125 ሲቀነስ ቁጥሩ ያድጋል፤ 4,675 ይሆናል፡፡ ልጁ መቀነስ እንደሚጨምር በዓይኑ ያያል፡፡ ችግሩ ማባዛት ላይ ነው፡፡ ዳሎልን በዳሎል ማን ያባዛል? ሁለቱም ምሳሌዎች ለመደመርና ለመቀነስ ያገለግሉና ማባዛቱ ሲመጣ ጥለውን ይጠፋሉ፡፡ ሽምደዳው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፡፡

አሁን ከባሕር ዳር ጀልባ እንሳፈር፡፡ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፡፡ ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መጥቶ የእነዚህን ደሴቶች ብራናዎች ፎቶ አንሥቶ ካታሎግ አውጥቶላቸዋል፤ ቱሪስቱም የሚሄደው ለብራናውና ለሥዕሉ ነው፡፡ የእኛ ጉዳይ ግን ሥዕሉ አይደለም፡፡ በእነዚህ ገዳማትም ሆነ በመላ አገሪቱ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያውቁበት ስሌት ነው ጉዳያችን፤ ባሕረ ሐሳብ፡፡

የባሕረ ሐሳብ ትውፊት መነሻውን የሚሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ነው፡፡ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የነበረ ሰው ነው፡፡ ትውፊቱ እንዲህ ይላል፡፡ ድሜጥሮስ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ስቅለት ከዓርብ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፡፡ መልአክ ተገልጦ ነገር በምኞት አይሆንም፣ ሱባዔ ግባ አለው፡፡ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ ገባ፡፡ ሱባዔ ማለት ሰባት ቀን ነውና የሌሊቱ 23 በ7 ሲባዛ 161 ሆነ፤ በ30 ሲገደፍ 11 ተረፈ፡፡ ይህ አበቅቴ ተባለ፡፡ የቀኑ 7 በ7 ሲባዛ 49 ሆነ፤ በ30 ሲገደፍ 19 ተረፈ፡፡ ይህ መጥቅዕ ተባለ፡፡ 11 እና 19 ሲደመሩ 30፡፡ እስከ ዛሬ የማንኛውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ አስይው ተሳስቷል ማለት ነው፡፡

ሱባዔውን ማመን አለማመን የየራሳችሁ ጉዳይ ነው፡፡ ቁጥሮቹን ግን ልብ በሉልን፤ ተመልሰን እንመጣባቸዋለን፡፡

11 ከየት መጣ ለሚል የሥነ ፈለኩ መልስ ቀላል ነው፡፡ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11፡፡ የባሕር ዳር ሙስሊም ወንድምና እኅቶቻችንም ይህን 11 ያለ ባሕረ ሐሳብ ያውቁታል፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ እየተሳበ ሲመጣ ያዩታልና፡፡ በሦስት ዓመት ኔጌቲቭ 33 ማለት ነው፡፡ ከወር በላይ፡፡

ስሌቱን በምሳሌ እንየው፤ 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ፡፡ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፡፡ ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል፡፡ ከ12 ላይ አንዱ ለዘመን ተብሎ ይተውና 11 ይቀራል፤ ወንበር ይባላል፡፡ ወንበር በጥንተ አበቅቴ 11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1፡፡ አበቅቴው 1 ነው፡፡ ወንበር በጥንተ መጥቅዕ 19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29፡፡ መጥቅዑ 29 ነው፡፡ ሲደመሩ 30፤ አልተሳሳትንም፡፡ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላልና መስከረም 29ን እንይ፤ ረቡዕ ነበር፡፡ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፡፡ 29 እና 4፣ 33፤ ሠላሳው ሲገደፍ 3፡፡ ሠላሳ ስለሞላ ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ያልፍና ነነዌ የካቲት 3 ገባች፡፡ በዚያ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 69 ሲጨመር ሚያዝያ 12፡፡ በዚያው ቀን ነው ፋሲካን የበላነው፡፡

ይህን ሁሉ መሪጌታው ያለ ካልኩሌተር ይሠራዋል፡፡ እኛን የሚገርመን ግን እሱ አይደለም፡፡ እኛን የሚገርመን እያንዳንዱ መንገድ ላይ ማይነስ ሊመጣ ሲል በዘዴ እየተመለሰ መሄዱ ነው፡፡

2005 ዓ.ም.ን ውሰዱ፡፡ ዓመተ ዓለም 7505፤ ለ19 ሲካፈል እኩል 395፡፡ የሚተርፍ የለም፤ አልቦ፡፡ ከዚህ አልቦ ላይ ‹‹አንዱን ለዘመን›› ልንተው ነው፡፡ ከምንም ላይ አንድ እንዴት ይቀነሳል? የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፈጠን ብሎ ኔጌቲቭ 1 ይላል፡፡ መሪጌታው እንዲህ አይልም፡፡ አልቦውን 19 እንደተረፈ አድርጎ ይይዘውና አንዱን ሲተው ወንበር 18 ይላል፡፡ ዐውዱን አንድ ዙር ተበደረ እንበለው፡፡ 18 በ11 ሲባዛ 198፤ አበቅቴ 18፡፡ 18 በ19 ሲባዛ 342፤ መጥቅዕ 12፡፡ ድምሩ 30፡፡

ኔጌቲቭ 1 ብለን ብንቀጥልስ? ኔጌቲቭ 1 በ11 ኔጌቲቭ 11 ነው፤ ሠላሳ ስንጨምርበት 19፡፡ መሪጌታው 18 አገኘ፣ እኛ 19፡፡ የአንድ ቀን ልዩነት መጣች፡፡ ማን ተሳሳተ? ማንም፡፡ 19 ዓመት በ11 ሲባዛ 209 ነው፡፡ ሰባት ሠላሳ ቢሞላ 210 ይሆን ነበር፤ አንዲት ቀን ጎደለች፡፡ በሒሳብ ዐውዱ እንዲዘጋ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ አንድ ቀን መዝለል አለባት፡፡ የአውሮፓ የቀን ቆጣሪ ሊቃውንትም ይህንኑ የጨረቃ ዝላይ ብለው ያውቁታል፡፡ የእኛም ስሌት ይህችን ዝላይ በወንበር 18 እና በወንበር አልቦ መካከል ደብቆ አስቀምጧታል፤ አበቅቴ ከ18 ተነሥቶ በ11 ፋንታ በ12 ይራመድና 30 ሞልቶ አልቦ ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር፡፡ ‹‹አባቶቻችን ኔጌቲቭ ቁጥርን ከዓለም ቀድመው ያውቁ ነበር›› የሚል ጽሑፍ እንድንጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን፡፡ አንጽፍም፡፡ ምክንያቱም አያውቁም ነበር፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ እንዲያውቁት የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም፡፡ የግእዝ ቁጥር ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው፤ አሥሩ፣ መቶው፣ እልፉ የየራሳቸው ምልክት አላቸውና የዜሮ ምልክት አያስፈልገውም፡፡ ዓመት ሲቆጠርም ዜሮው ከክርስቶስ ልደት ላይ ሳይሆን ከዓለም ፍጥረት ላይ ተተክሏል፡፡ 5500 ዓመት ወደኋላ ርቆ የተተከለ ዜሮ ከሱ በታች የሚወርድ ንጉሥም ነቢይም የለበትም፡፡ አውሮፓውያን ‹‹ከክርስቶስ ልደት በፊት›› ብለው ወደኋላ መቁጠር ሲጀምሩ ዜሮ ዓመት ሳያስቀምጡ ቀሩና እስከ ዛሬ ይደናገራሉ፡፡ ከልደት በፊት በ5 ዓመት የተወለደ ሰው ከልደት በኋላ በ5 ዓመት ስንት ዓመቱ ነው? አሥር የምትሉ ተሳስታችኋል፤ ዘጠኝ ነው፡፡ በእኛ አቆጣጠር ይህ ጥያቄ አይነሣም፡፡ መበደርና ዜሮን ማራቅ፣ ሁለቱም ከማይነስ ማምለጫ ብልሃቶች ናቸው፡፡ ብልሃት ማለት ግን ግኝት ማለት አይደለም፡፡

ባሕረ ሐሳብ የመጣባት ከተማ ራሷ ማይነስን ትፈራ ነበር ብንል አናጋንንም፡፡ ከድሜጥሮስ ጋር በዚያው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዚያችው እስክንድርያ፣ ዲዮፋንተስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ነበር፡፡ አንድ ቁጥር በ4 ተባዝቶ 20 ሲደመርበት 4 ይሆናል፤ ቁጥሩ ማን ነው? የእኛ ልጅ ኔጌቲቭ 4 ይላል፡፡ ዲዮፋንተስ ግን ጥያቄውን ራሱን ‹‹የማይረባ›› ብሎ አለፈው፡፡ የሚገርመው፣ ይኸው ሰው ጎደሎ በጎደሎ ሲባዛ ሙሉ ይሰጣል የሚለውን ሕግ ጽፎት ነበር፡፡ ለምን ጻፈው? ሳይጽፈው ሒሳቡ ስለማይሄድለት ነው፡፡ 7 በ6 ስንት ነው? 42፡፡ 7ትን ‹‹10 ሲጎድል 3››፣ 6ትን ‹‹10 ሲጎድል 4›› ብላችሁ አባዙት፡፡ 10 በ10 መቶ፡፡ መቶ ላይ 30 ይቀነሳል፣ 40 ይቀነሳል፤ 30 ቀረ፡፡ 42 ለመድረስ 12 ጎደለን፡፡ ያ 12 ከየት ይመጣል? ያልነካነው አንድ ብዜት ብቻ ነው የቀረው፤ ጎደሎ 3 በጎደሎ 4፡፡ ፕላስ 12 ካልሆነ 7 በ6 አርባ ሁለት መሆኑ ይቀራል፡፡

ይኸው ነው፡፡ ‹‹ሕጉ ነዋ!›› የተባለው ነገር ከኋላው ይህን ያህል ምክንያት ነበረው፤ አምስት ደቂቃና አንድ ቁራጭ ቾክ የሚጨርሰው፡፡

ማይነስን እንደ ቁጥር ተቀብለው የሠሩበት ሌሎች ናቸው፡፡ ቻይናዎች ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት በእንጨት ቀለም ይለዩት ነበር፤ ቀዩ ለትርፍ፣ ጥቁሩ ለጉድለት፡፡ (የዛሬ ሒሳብ ሹሞች በቀይ የሚጽፉት ኪሳራ ነው፤ ነገሩ ተገለባብጧል፡፡) ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ቁጥሮችን ሀብትና ዕዳ ብሎ ከፍሎ የአራቱን ስሌቶች ሕግ አወጣ፤ ዕዳ በዕዳ ሀብት የሚለውም እዚያ አለ፡፡ አውሮፓ ከዚህ በኋላ ሺህ ዓመት ያህል አንገራገረች፡፡ ጀርመናዊው ስቲፈል እ.ኤ.አ. በ1544 ‹‹የማይረቡ ቁጥሮች›› ይላቸው ነበር፡፡ እንግሊዛዊው ማሴሬስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከአልጀብራ ይባረሩ ብሎ መጽሐፍ ሙሉ ተከራከረ፡፡ ኦይለር የአልጀብራ መጽሐፉን በጀርመንኛ ሲያሳትምና ኔጌቲቭን በዕዳ ሲያስረዳ እ.ኤ.አ. 1770 ነበር፤ ጄምስ ብሩስ ጢስ ዓባይን አይቶ ግሽ ዓባይ የደረሰበት ዓመት፡፡ ስለዚህ ማይነስ የማይገባው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ከትልልቅ ሊቃውንት ወገን ነው፡፡ እነሱን ሺህ ዓመት የፈጀባቸውን ነገር እሱን በሁለት ሳምንት ጨርስ ነው የምንለው፡፡

አሁን ወደ ድሜጥሮስ ሱባዔ እንመለስ፤ ቃል ገብተናል፡፡

ሠላሳ ቀን ያለው ወር በክብ ሣሉ፡፡ ከ30 ቀጥሎ 1 ይመጣል፡፡ በዚህ ክብ ላይ 11 ቀን ወደኋላ ብትሄዱና 19 ቀን ወደፊት ብትሄዱ የምትደርሱት አንድ ቦታ ነው፡፡ ማለትም በዚህ ክብ ላይ 19 ማለት ኔጌቲቭ 11 ነው፡፡ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 የሚሆኑት፣ አንዱ የሌላው ማይነስ ስለሆነ ነው፡፡ በዚሁ ሒሳብ 23 ማለት ኔጌቲቭ 7 ነው፤ 23 እና 7 ሠላሳ ይሞላሉና፡፡

የቀኑ ሱባዔ 7 በ7 ነበር፤ ፕላስ በፕላስ፡፡ የተረፈው 19 ነው፡፡ የሌሊቱ ሱባዔ 23 በ7 ነበር፤ ማይነስ በፕላስ፡፡ የተረፈው 11 ነው፤ የ19 ተቃራኒ፣ ማይነሱ፡፡ ማይነስ በፕላስ ማይነስ! ሕጓ ስሟ ሳይጠራ በብራና ላይ ስትገለበጥ ኖራለች፡፡ ትውፊቱ ያልሠራው አንድ ብዜት ብቻ ነው፤ 23 በ23፡፡ እንሥራው፡፡ 529፡፡ በ30 ስንገድፈው 17 ጊዜ ደርሶ 19 ይተርፋል፡፡ ልክ እንደ 7 በ7፡፡ ማይነስ በማይነስ ፕላስ ሆነ፡፡ ማንም ሕግ አላወጀም፤ ቆጥረን ነው ያገኘነው፡፡ በሌላ ጥንድም ሞክሩት፤ 11 በ11 እና 19 በ19 ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል፡፡ የፈለጋችሁትን ጥንድ ውሰዱ፣ ሠላሳ ይሙላ እንጂ አይከዳችሁም፡፡

ታዲያ ይህ ለምን ክፍል ውስጥ አይገባም? ባሕር ዳር እኮ የመምህራን ከተማ ናት፡፡ ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፡፡ ‹‹ፔዳ›› እያልን የምንጠራው ግቢ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቋመ፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያ ሊያፈራ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፡፡ ከግቢው ፈቀቅ ሲባል ሐይቁ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ ደሴቶቹ ናቸው፡፡ ዘመናዊው ትምህርት ቤትና የአብነት ትምህርት ቤቱ በጀልባ ተራራቁ ብንል ያስቃል፤ የተራራቁት በልብ ነው፡፡ ከቆሎ ትምህርት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ 7517ን በ19 ገድፎ ቀሪውን በቃሉ ሊናገር ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ ግን ኔጌቲቭ 11 ሲጻፍ አዲስ አገር የገባ ይመስለዋል፡፡ የገዛ ቤቱ መሆኑን የነገረው የለም፡፡ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንማር ሲል በሩን ከፍቶት ነበር፤ በበሩ የገባው ግን በአብዛኛው የተተረጎመው ቴርሞሜትር ነው፡፡

ሃይማኖት ክፍል ውስጥ ይሰበክ እያልን አይደለም፤ እንዳትጣሉን፡፡ ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን ለማንኛውም አማርኛ አንባቢ በመጽሐፍ አቅርበውታል፡፡ ኦቶ ኖይገባወር የሚባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚሁ ስሌት መጽሐፍ ሲያሳትም የፈለገው ጾም ሳይሆን ሒሳቡን ነበር፡፡ ሒሳቡ የሁሉም ነው፤ ረመዳንን ወደኋላ የሚስበው 11 እና አበቅቴው 11 አንድ ጨረቃ ናቸው፡፡

ክብ ሠላሳ አልመቸንም የሚል መምህር ካለ ደግሞ ሐይቁ አለለት፡፡ ጣና ክረምት ጠግቦ መስከረም ላይ ይሞላል፣ ሰኔ ሲመጣ ይጎድላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1996 ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ ውሃውን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲያመላልስ ታስቦ ነው፡፡ 1,786ን ዜሮ በሉት፡፡ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከ1,785 በታች ወርዶ ነበር፤ በእኛ መስመር ከኔጌቲቭ 100 ሴንቲ ሜትር በታች፡፡ ያን ጊዜ ዳርቻው ሲሸሽ ያየ ሰው ኔጌቲቭ ምን እንደሆነ በቴርሞሜትር አይነገረውም፡፡ እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ሐይቁ ኔጌቲቭ 150 ላይ ነው፣ በቀን 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ነው እንበል፡፡ መውረዱ ኔጌቲቭ 2 ነው፡፡ ከአምስት ቀን በፊት የት ነበር? ከአምስት ቀን በፊት ማለት ኔጌቲቭ 5 ቀን ነው፡፡ ኔጌቲቭ 5 በኔጌቲቭ 2፣ ፕላስ 10፡፡ ከዛሬው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ኔጌቲቭ 140 ላይ ነበር፡፡ ዓሣ አጥማጁን ብትጠይቁትም ያው ነው የሚላችሁ፤ ‹‹ባለፈው ሳምንት ውሃው ከዚህ ከፍ ይል ነበር፡፡››

በመጨረሻ የቤት ሥራ እንሰጣለን፤ ወጉ ነውና፡፡ በ2024 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7524 ይሆንና ለ19 ሲካፈል ቀሪው እንደገና አልቦ ነው፡፡ አንድ ጊዜ እንደ መሪጌታው ወንበሩን 18 ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሰባተኛ ክፍል ኔጌቲቭ 1 ብላችሁ ሥሩት፡፡ መስከረም 1 ዓርብ ይውላል፡፡ ተውሳኮቹ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ናቸው፡፡ መጥቅዑ በአንዱ 12፣ በሌላው 11 ይመጣላችኋል፤ ሁለቱም ከ14 ስለሚያንሱ በጥቅምት ይውላሉ፣ ነነዌም በየካቲት ትገባለች፡፡ ፋሲካው ግን በሁለቱም መንገድ ሚያዝያ 24 ነው፡፡ የአንድ ቀን ልዩነቷ የት ገባች? ያገኘ ይጻፍልን፡፡